ስድስት ቀን ከቲቸር ጋር፦ ከኡራኤል እስከ ስታዲየም

ቲቸር እኛ ግቢ ሰርቪስ ቤት ተከራይታ አራት ዓመት ኖራለች። አገሯ ህንድ፣ ኬረላ ነው፤ ሐዋሳ ፊዚክስ ታስተምር ነበር። ሰፈሩ በሙሉ ቲቸር ስለሚላት እኔም በስሟ ጠርቻት አላውቅም። በዕድሜ እናቴን የምትከተል ብትሆንም አንቱታውን እምቢ ስላለችኝ አንቺ እላታለሁ፤ እናቴን ግን «እማማ» ትላታለች። በ2014 አዲስ አበባ አንድ የግል ትምህርት ቤት ሥራ አግኝታ ሄደች።

ጥቅምት 7 ቀን 2018፣ ዓርብ ማታ፣ እናቴ ስልክ ላይ መልእክት ገባ፦ «እማማ ቸግሮኝ ነው በዚህ ቁጥር 5000 ብር ቶሎ ላኪልኝ»። የመጣው ከቲቸር ስልክ ነው። እኔ ቴሌብር ልከፍት ስል እናቴ እጄን ያዘችኝ። «ቲቸር አማርኛ ትናገራለች እንጂ መቼ ፊደል ጻፈች?» አለች። ብንደውል ስልኩ ዝግ ነው። ሌሊቱን ማናችንም በደንብ አልተኛንም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቲቸር በባልደረባዋ ስልክ ደወለች፤ የእናቴን ቁጥር በቃሏ ታውቀዋለች። ስልኬን ነጠቁኝ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ ግን አገሬ መግባቴ ነው፣ አለችና ለቅሶ ቀደማት። እናቴ ስልኩን እንደዘጋች ወደ እኔ ዞራ «ሰው አገር ብቻዋን ተቀምጣ ታልቅስ? ተነሺ ሂጂ» አለችኝ።

የፎቶ ኮፒ ቤቴን ለእህቴ አስረክቤ በሳምንቱ ተነሳሁ። ከተመለስኩ ሁለት ሳምንት ሆኖኛል። በአዲስ አበባ መሀል የሚኖር የውጭ አገር ወዳጅ ያለው ሰው ይጠቀምበታል ብዬ ያየሁትን በቅደም ተከተል እጽፋለሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14፦ ከሐዋሳ ኡራኤል

ከንጋቱ 12 ሰዓት በሚኒባስ ወጣን፤ 850 ብር። እናቴ አንድ ቁራጭ ቆጮ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ፣ ቅቤና በርበሬ ጨምራ አስይዛኛለች። ባቱ ላይ ለዓሣ ጥብስ ወረድን፤ 380 ብር ነው። ዓሣው ትኩስ ነበር፤ ሐዋሳ አሞራ ገደል ሐይቁ ዳር ቆሞ እንደሚበላው ግን አይሆንም። ከሞጆ በኋላ ፈጣን መንገዱ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ቃሊቲ ስወርድ ገና እግሬ መሬት ሳይነካ አንድ ልጅ የቆጮውን ጆንያ አንስቶ ትከሻው ላይ አደረገው። ልቤ ድርግም አለ። ሌባ አልነበረም፣ ተሸካሚ ነበር፤ መኪና እስክይዝ ድረስ አድርሶኝ 100 ብር ተቀበለ። ለዚያች ደቂቃ የተሰማኝ ድንጋጤ ግን አልለቀቀኝም። ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ የተማርኩ ሰው፣ ቋንቋውን የምናገር፣ መንገዱን የማውቅ ሰው እንዲህ ከደነገጥኩ፣ ቲቸር በየቀኑ እንዴት ትሆን ይሆን ብዬ አሰብኩ።

በስልክ የጠራሁት መኪና 620 ብር አስከፍሎ ቲቸር የምትኖርበት ኡራኤል አደረሰኝ። ሕንጻው ባለ ስድስት ፎቅ፣ የብረት በር፣ አጥሩ ላይ የሾህ ሽቦ፣ በየማዕዘኑ ካሜራ። ዘበኛው ጋቢ የለበሱ፣ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው።

«ማን ጋ ነሽ?»

«ቲቸር ጋ።»

«ቲቸር የሚባል ሰው እዚህ የለም።»

ስሟን ተናገርኩ። አሁንም ራሳቸውን ነቀነቁ። መጨረሻ ላይ «ህንዳዊት ናት፣ ብቻዋን የምትኖር» ስል ፊታቸው በራ። «እእ፣ ህንዷ! አራተኛ ፎቅ።» ቲቸር እዚያ ቤት ከገባች ዓመት ሊሞላት ነው።

በሯን ሦስት ቁልፍ ከፍታ አስገባችኝ። ከስታናለች። ቆጮውን ስታይ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ማታ ምስር ወጥ የሚመስለውን ዳሏን ሠርታ ከቆጮው ጋር በላንና እስከ አምስት ሰዓት የሆነውን ነገረችኝ።

ከብሔራዊ ቴአትር ወጥታ በስታዲየም በኩል ታክሲ ልትይዝ ትሄድ ነበር። ጊዜው ሲጨልም ነው። መንገዱ በግንባታ ስለተለወጠባት ስልኳን አውጥታ ካርታ ታያለች። አንድ ልጅ ሶፍትና ማስቲካ የደረደረበትን ካርቶን ከክንዷ ሥር አስጠጋ። ካርቶኑ ከደረቷ በታች እጇንም ቦርሳዋንም ከእይታዋ ሸፈነው። ሌላው ከኋላ «እህት፣ እህት» እያለ ትከሻዋን ነካ። ዞር ስትል ስልኩ ከመዳፏ ወጣ፤ የወሰደው ሦስተኛው ነው፣ ፊቱን አላየችውም። ቦርሳዋ ተከፍቶ መነጽሯ ከነማኅደሩ ወደቀ። «ሌባ! ሌባ!» ብላ ጮኸች። ጫማ የሚጠርግ ልጅ ብሩሹን ጥሎ ሮጠ። ቆሎ የምትሸጥ ሴትዮ በርጩማዋን ለቅቃ አስቀመጠቻት፣ ውሃ ሰጠቻት። ሊስትሮው ስልኩን ሳያገኝ ተመለሰ፤ መነጽሯን ግን ከሰው እግር ሥር አንስቶ፣ በሸሚዙ ጠርጎ ይዞላት ነበር።

«እኔ እሱንም ፈራሁት» አለችኝ። «ከእጁ መንትፌ ሮጥኩ። አመሰግናለሁ አላልኩም።»

ስልኩን ስታወራ አላለቀሰችም። ያለቀሰችው እዚህ ላይ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15፦ ፖሊስ ጣቢያና ቴሌ

እስከዚያ ቀን ድረስ አላመለከተችም። ፖሊስ ጣቢያ ብሄድ ወረቀቴን ይዘው ያጉላሉኛል ብላ ፈርታለች። ጠዋት ተነሥተን ለቤቷ የሚቀርበው ጣቢያ ሄድን፤ ድርጊቱ የተፈጸመው በሌላ ጣቢያ ክልል ውስጥ ስለሆነ እዚያ አመልክቱ ተባልን። ይህን ማንም አልነገራትም ነበር። የሚመለከተው ስርቆቱ የተፈጸመበት አካባቢ ፖሊስ ነው እንጂ የመኖሪያ ሰፈሯ አይደለም።

ሁለተኛው ጣቢያ አንዲት ወጣት ፖሊስ ወንበር ሰጥታ ቃሏን ተቀበለቻት። «በስንት ሰዓት ነበር?» ስትላት ቲቸር «ስድስት ሰዓት ተኩል» አለች። ፖሊሷ «ከቀኑ 6፡30» ብላ ጻፈች። ከአጠገቧ ሆኜ ሳነብ «ሲጨልም አይደል እንዴ ያልሽኝ?» አልኳት። ቲቸር የምታየው የእጅ ሰዓቷን ነው፤ የእሷ ስድስት ተኩል የእኛ ከምሽቱ 12፡30 ነው። ስምንት ዓመት ኢትዮጵያ ኖራ፣ ድንጋጤ ውስጥ ስትሆን አፏ ወደ ራሷ ሰዓት ይሄዳል። ቀኑንም «ኦክቶበር 17» ብላ ጀምራ ነበር፤ ጥቅምት 7 መሆኑን እኔ ነገርኳት። ፖሊሷ ሰርዛ አስተካከለችና «የካሜራ ምስል የሚፈለገው በሰዓቱ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ብንፈልግ ማንን እናገኛለን?» አለችን። የውጭ ሰው ወዳጅ ያላችሁ፣ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር መናገር አስተምሩልኝ።

ቀጥሎ የስልኩን መለያ ቁጥር ጠየቀች፤ 15 አሃዝ ያለውን፣ ካርቶኑ ላይ የተለጠፈውን። ቲቸር ስልኩን የገዛችው ሐዋሳ ሳለች ነው፤ ካርቶኑ እኛ ቤት ቁም ሳጥን ላይ የእናቴ የክር ማስቀመጫ ሆኗል። እህቴ ደውዬላት ክሩን ገልብጣ ፎቶ አንሥታ ላከችልን። ፖሊሷ ቁጥሩን ስትገለብጥ «ይሄን የሚያመጣ ጥቂት ነው» አለች። ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል ብሎ በመደወል ማንም ሰው ከራሱ ስልክ ላይ ቁጥሩን አይቶ ደብተሩ ላይ መጻፍ ይችላል። እኔም ያን ዕለት ጻፍኩ።

ማመልከቻ ስላስገባች ስልኩ ይገኛል ማለት አይደለም፤ ፖሊሷም አልዋሸቻትም። ቁጥሩ ግን በስሟ ነው። በዚያ ቁጥር ሌላ ሰው ቢታለል መጀመሪያ የምትጠየቀው እሷ ናት። የተሰረቀበትን ቀንና ሰዓት የሚያሳየው ወረቀት የሚጠቅማት ለዚህ ነው። ሲሙን በቴሌ ቁጥር 994 ደውላ ያኔውኑ ማዘጋት ነበረባት፤ ግን ስልክ የሌለው ሰው በምን ይደውል? ካርታ እያየች ስለነጠቋት ስልኩ ተከፍቶ ነበር፤ ከእናቴ ሌላ ለሦስት ባልደረቦቿም ገንዘብ ጠይቀዋል። አንዷ 3000 ብር ልካለች።

ከዚያ ቴሌ ሄድን። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ፓስፖርቷንና የመኖሪያ ፈቃዷን አይተው ሲሙን አወጡላት። ያን ጊዜ ነው ፓስፖርቷን ሁልጊዜ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ እንደምትዞር ያወቅኩት። ዓርብ ዕለት እጃቸው ትንሽ ጠለቅ ቢል ኖሮ እሱንም ይወስዱት ነበር። አጠገባችን ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት አምስት አምስት ቅጂ አስነሣሁላት፤ ገጹ 5 ብር፤ እኔ ሐዋሳ 3 ብር ነው የማስከፍለው። ዋናው ቤት ተቆለፈበት፣ ቅጂው ቦርሳ ገባ። ከቅጂው ጀርባ በትልቁ 991 ብዬ ጻፍኩ፤ የፖሊስ ነው። ከሥሩ 907፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ። ከዚያ ቀጥሎ የእናቴን ቁጥር።

እሑድ፣ ጥቅምት 16፦ መስቀል አደባባይ፣ ካዛንቺስ፣ ፒያሳ

ጠዋት በግድ አወጣኋት። መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ስፖርት የሚሠራው ሰው አይቆጠርም። ብርዱ አጥንት ይገባል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለው ለካ ለዚህ ከተማ ነው። ሐዋሳ በዚህ ሰዓት በቲሸርት ነው የሚወጣው። ቲቸር መጀመሪያ ቦርሳዋን በሁለት እጇ እንደ ሕፃን አቅፋ ነበር የምትሄደው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንድ እጇን ፈታች።

ከዚያ ካዛንቺስ ውሰጂኝ አለችኝ፣ የድሮ ሰፈሯን ልታሳየኝ። ካዛንቺስ የሚለው ስም ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ለሠራተኞቻቸው ከሠሯቸው ቤቶች መጠሪያ የመጣ ነው። የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ዋና መሥሪያ ቤትም እዚያው ስለሆነ የውጭ ሰው ለሰፈሩ አዲስ አልነበረም። ቲቸር እስከ 2017 ድረስ አንድ ግቢ ውስጥ ከአምስት አባወራ ጋር ትኖር ነበር። በዚያ ዓመት ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ግቢው ፈረሰ፣ ጎረቤቱ ወደየአቅጣጫው ሄደ።

መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ ደምቋል፣ የእግረኛው ንጣፍ ያምራል። ይህን መካድ አልችልም፤ ጨለማ ጥግ በጠፋ ቁጥር ለነጣቂ አይመችም። ቲቸር ግን ቆማ በጣቷ ታሳየኝ የነበረው የሌለውን ነው። «እዚህ ጋ ጀበና ቡና የምትሸጠው ልጅ ነበረች። እዚህ ሱቁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ማታ ስመለስ ባለሱቁ ‹ቲቸር ዛሬ አመሸሽ› ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ሁለት ልጆች ሲከተሉኝ ከሱቁ ወጥቶ ስሜን ጠራ፤ ልጆቹ ተመለሱ።» ያ ሰው የት እንደገባ አታውቅም። ስልኩ ውስጥ የነበረው ቁጥሩም አብሮ ሄዷል።

ያኔ ነው የገባኝ። ቲቸር ወንጀል የበዛበት ሰፈር ገብታ አይደለም የተጎዳችው። የሾህ ሽቦና ስምንት ካሜራ ያለበት ቤት ገብታ፣ «ቲቸር አመሸሽ» የሚላት ሰው አጥታ ነው። ስልኳ በተነጠቀ ማታ እያለቀሰች በዘበኛው ፊት አልፋ ወደ ክፍሏ ወጥታለች፤ ምን ሆነሽ ያላት የለም፣ እሷም አልተናገረችም።

ምሳ ስናስብ ሌላ ችግር መጣ። ቲቸር ሥጋ አትበላም፤ እሑድ ደግሞ የፍስክ ቀን ነው። ሁለት ቤት «የጾም የለም» ብለው መለሱን። ሦስተኛው ቤት አስተናጋጇ ወጥ ቤት ገብታ ጠይቃ ሽሮ፣ ጎመንና ቲማቲም ለብለብ አሰባስባ በየዓይነቱ አቀረበችልን። 280 ብር።

ከሰዓት ፒያሳ ወጣን። የአድዋ ድል መታሰቢያን በውጭ ዞረን አየን፤ ጊዮርጊስ ደጃፍ ቆመን ለቲቸር ታሪክ ነገርኳት። በምኒልክ ዘመን ትልቁ ገበያ እዚሁ አራዳ ነበር፤ የገበያው ጠባቂዎች የአራዳ ዘበኛ ይባሉ ነበር። ገበያው ወደ መርካቶ የሄደው በጣሊያን ጊዜ ነው። እኔ ተማሪ ሳለሁ የማውቃት የዶሮ ማነቂያ ሰፈር የለችም። ማኪያቶ ጠጣን፣ 75 ብር፤ ሐዋሳ 45 እጠጣለሁ፤ ግን የፒያሳ ማኪያቶ ነው፣ አልቆጨኝም።

ስንወርድ በቸርችል ጎዳና ሁለት ጥሩ የለበሱ ወጣቶች ቲቸርን በእንግሊዝኛ አናገሯት። «አላወቅሽኝም? አንቺ ያለሽበት ሆቴል አስተናጋጅ ነኝ፣ ዛሬ ዕረፍት ነኝ» ይላል አንዱ። ቲቸር ያላወቀችው ሰው እንዳይከፋው ፈገግ አለች። እኔ ከኋላ ደርሼ «የትኛው ሆቴል ነው ወንድሜ?» ስል በአማርኛ፣ ሁለቱም ሳይመልሱ መንገድ ተሻገሩ። ይህ የቆየ ዘዴ ነው። ትውውቅ ያስመስላሉ፣ ከዚያ «የተማሪዎች የባህል ዝግጅት አለ» ወይም «ቡና እንጋብዝሽ» ብለው አንድ ቤት ያስገባሉ። መጨረሻ ላይ ብዙ ሺህ ብር የሚል ሂሳብ ይመጣል፤ በሩ ላይ ደግሞ ጎረምሶች ይቆማሉ። እኛ እንግዳ ስንቀበል ቡና ስለምናፈላ፣ ይህን የእናቶቻችንን ደግነት ለወጥመድ ማዋላቸው በጣም ያናድደኛል።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17፦ ሚኒባስና የቡናው ማታ

ጠዋት አብረን በሚኒባስ ወደ ትምህርት ቤቷ ሄድን፣ ሜክሲኮ አካባቢ ነው። 20 ብር። ከተነጠቀች ወዲህ በየቀኑ መኪና በስልክ እየጠራች ደሞዟን ልትጨርስ ነበር። እሱም ቢሆን ታርጋውን ከስልኩ ጋር ሳያመሳክሩ መግባት አደጋ አለው፤ ይህን ታውቃለች። ስለ ሚኒባስ ግን የነገርኳት ከራሴ የደረሰውን ነው። ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ባዶ ሊባል የሚችል ሚኒባስ ጋቢና ተቀመጥኩ። ሹፌሩ «በሩ አልተዘጋም፣ በደንብ ሳቢው» አለኝ። እኔ በሁለት እጄ በሩን ስታገል ከኋላ የተቀመጠው እጁን በወንበሩ ጎን አሾልኮ ቦርሳዬን ባዶ አደረገው። ወዲያው «ተሳስተናል፣ ወደዚያ አንሄድም» ብለው አወረዱኝ። የወር ቀለቤ ነበር። ስለዚህ ቲቸርን፣ ተራ አስከባሪ ካለበት፣ ሰው ተሰልፎ ከሚሳፈርበት ቦታ ያዢ አልኳት። ውስጥ ገብተሽ ሁሉም ወንድ ሆኖ ከሁሉም አቅጣጫ «ጠጋ በይ» የሚሉሽ ከሆነ ደግሞ፣ 20 ብርሽን ትተሽ ውረጂ።

ማታ ቡና እናፍላ አልኩ። ሐዋሳ ቲቸር በየቀኑ ከእናቴ ጋር ሦስተኛውን ጠጥታ ነበር ወደ ክፍሏ የምትገባው። እዚህ ጀበናዋ ካርቶን ውስጥ ነበር። ቄጠማ 50 ብር፣ እጣንና ፈንዲሻ ከታች ሱቅ ገዛሁ። ከትምህርት ቤቷ አንዲት ኬንያዊትና አንድ ቻይናዊ መምህር መጡ፤ ከፊት ለፊት በር ያለችዋን ጎረቤት እኔ አንኳኩቼ ጠራኋት።

ጨዋታው ወደዚያው ጉዳይ ሄደ። ኬንያዊቷ «እኔን ሰው ሁሉ በአማርኛ ነው የሚያናግረኝ፤ እንግዳ መሆኔ የሚታወቀው ስናገር ነው» አለች። ያ ይጠቅማታል። ባቡር ውስጥ ግን የቦርሳዋን ጎን በምላጭ ቀደውት ቤቷ ስትገባ ነው ያየችው። ከመስከረም 2008 ጀምሮ የሚሠራው ቀላል ባቡር ጠዋትና ማታ የሚጨናነቀውን የተሳፈረበት ያውቀዋል፤ ቦርሳ ከፊት ነው የሚያዘው። ቻይናዊውን ማንም አልሰረቀውም። እሱን የሚያስመርረው በየመንገዱ «ቻይና! ቻይና!» መባሉና ዋጋው ሁሉ እጥፍ መሆኑ ነው። አንድ የሚያውቀው ሰው ከሐምሌ 2016 በፊት፣ የባንክና የጥቁር ገበያው ምንዛሪ በጣም በተራራቀበት ጊዜ፣ ዶላር መንገድ ላይ ሊመነዝር ሄዶ ከላይና ከታች ብር፣ መሀሉ ወረቀት የሆነ የብር እስር ተቀብሏል። ሕገወጥ ስለሆነም ለፖሊስ አፉን ሞልቶ መናገር አልቻለም። ኬንያዊቷ የጎረምሶች ለከፋ ከስርቆት ይብስብኛል ስትል ጎረቤቲቱ ሳቀችና «እኛስ? እኛም እኮ አለብን» አለች። እውነቷን ነው፤ ይሄ የውጭ ሴት ብቻ ችግር አይደለም። ሐዋሳም አለ።

ሁለተኛው ሲቀዳ ቲቸር ስኒ በሳህን ይዛ ወደ ታች ወረደች። ዘበኛው ጥበቃውን ትተው አይወጡማ። ቆይታ ተመለሰችና ሙሉውን ነገረችኝ፤ እኔም በማግስቱ ከራሳቸው ሰማሁት። ጋሼ ያን ዓርብ ማታ ስታለቅስ አይተዋታል። «ምን ብዬ ልጠይቃት? አማርኛ የምትችል አልመሰለኝም» አሉኝ። «ታክሲ የምትወርድበት መታጠፊያ ጋ መብራት የለም። ቀድማ ብትነግረኝ በትሬን ይዤ መጥቼ እቀበላት ነበር።» ስሟን ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክረው አልሆነላቸውም። በቲቸር ተስማሙ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18፦ ስታዲየም

ጠዋት ቲቸር ራሷ «ስታዲየም እንሂድ» አለች። ሊስትሮውን ልታመሰግን ነው። አንድ ሰው የተሰረቀ ስልክ የሚሸጥበት አውቃለሁ፣ በግማሽ ዋጋ መልሰሽ ትገዢዋለሽ ብሏት ነበር፤ እንዳትሞክሪው አልኳት። የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ መግዛት ራሱ በሕግ ያስጠይቃል፤ ከዚያም በላይ፣ ያን ገንዘብ ይዘሽ የምትገቢበትን ቤት አታውቂውም።

ቦታው ስንደርስ እጄን ጨበጠችኝ፤ መዳፏ ቀዝቅዟል። ቀን ላይ ሌላ ቦታ ይመስላል። ሎተሪ አዟሪው፣ የታክሲ ሰልፉ፣ የኳስ ማሊያ የሚሸጡ ሱቆች። እግር በእግር እየጠላለፉ «ኳስ እንጫወት» የሚሉ ልጆች አንድ ፈረንጅ ከበው አየን። ልጆቹ እንዲህ የሚያደርጉት ሰውየው ሲንገዳገድ ኪሱን ሊያወልቁ ነው። ቲቸር ከእኔ ቀድማ «ኪስህን!» ብላ በእንግሊዝኛ ጮኸች። ሰውየው ኪሱን ያዘ፣ ልጆቹ ተበተኑ። እሷም እኔም ዘወር ብለን ሄድን እንጂ አልተናገርንም፤ ጉልበቴ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ቆሎ ሻጯን ከአንድ ሰዓት ፍለጋ በኋላ አገኘናት። ቦታ ቀይራ ከአንድ ፋርማሲ ጥግ ተቀምጣለች። ገና ቲቸርን ስታይ ብድግ አለች።

«የኔ እናት! ደህና ገባሽ? ያን ዕለት እንቅልፍ አልወሰደኝም እኮ።»

ቲቸር ጎንበስ ብላ ጉንጯን ሳመቻት፣ ሦስት ጊዜ፣ እንደኛ። ሴትየዋ ከሥሯ ያችኑ በርጩማ አውጥታ ለቀቀችላት። ሊስትሮው የወላይታ ልጅ ነው፣ አሥራ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው አለችን። አሁን ከመንገዱ ዳር ስላስነሷቸው ወደ ሜክሲኮ በኩል ሄዷል። ስሙን ነገረችን፤ እዚህ አልጽፈውም። ሌላም ነገር ነገረችን። ያን ዕለት ስልኩን ይዞ የሮጠውን ልጅ ደርሶበት ነበር፤ አብረውት የነበሩት በቡጢ አፉን መትተውት ነው የተመለሰው። ቲቸር ይህን አላየችም ነበር። መነጽሩን የጠረገበት ሸሚዝ ላይ የነበረውን ቀይ ነገር የጫማ ቀለም መስሏት ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልተነጋገርንም። ሜክሲኮ አደባባይ ዙሪያውን እስከ አሥር ሰዓት ሊስትሮዎችን እየጠየቅን ዞርን። ስሙን የሚያውቅ ሁለት ልጅ አገኘን፤ እሱን ግን አላገኘንም። ተመልሰን ለቆሎ ሻጯ የቲቸርን አዲሱን ቁጥር በወረቀት ጽፈን ሰጠናት። ለእሱ ስጪልኝ ብላ ብር ልታስቀምጥ ስትል ሴትየዋ እጇን መለሰችው፦ «ገንዘቡን አንቺው ያዢ፤ ራስሽ ስጪው። እሱም ሊያይሽ ይፈልጋል።» ሁለት ኩባያ ቆሎ ገዛን፤ ኩባያው 30 ብር፤ ሦስተኛውን መርቃ ጨመረችልን።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19፦ መመለስ

ለመንገድ ስወጣ ገና ጎህ አልቀደደም። ጋሼ ሻንጣዬን ይዘው መታጠፊያው ድረስ ሸኙኝ፤ መብራት የሌለበት ያ ቦታ እውነትም ያስፈራል። ቲቸር ለእናቴ ከህንድ የመጣላትን ሄልና ቁንዶ በርበሬ ላከች። አገሬ እገባለሁ የሚለውን ነገር ስድስቱንም ቀን አንድም ጊዜ አላነሳሁባትም። ያ የእሷ ውሳኔ ነው፤ ብትሄድም አልፈርድባትም። መንገዱ ሰላም ነበር፣ ሰባት ሰዓት ላይ ቤቴ ገባሁ።

ትናንት ማታ ደወለች። ከተለያየን ወዲህ ሁለት ቅዳሜ ስታዲየም ሄዳለች፣ ብቻዋን፣ በቀን፣ በሚኒባስ። ስልኳን ቤት ትታ፣ ብሩን በውስጥ ኪሷ አድርጋ። ቆሎ ትገዛለች፣ በርጩማው ላይ ትቀመጣለች፣ ስለ ልጁ ትጠይቃለች። እስካሁን አልመጣም። በመጪው ቅዳሜ ሴትየዋ ሜክሲኮ ድረስ አብራት ልትሄድ ነው።